መውደቅ የሚያውቅበት ጎረቤቴ ሃሩኦ

የሃሩኦ ልጅ ዩኪ ኮል ስታደርግ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። «አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

እኔም ክፋት ሳይኖረኝ፣ «ደግሞ ለየትኛው ፊልም?» አልኳት።

የምታለቅስ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቀች ኖሯል። «አይ፣ የአሁኑ የራሱ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ባለቤቴ አስካለ ከኩሽና ብቅ ብላ «ማነው?» አለች።

«ሃሩኦ ሞተ።»

«የቱን ሞት?»

«የእውነቱን።»

እጇን በፎጣ ጠረገች። ፎጣውን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። እኔም ቆሜ የምጠብቀው ያንኑ ነበር፤ ታለቅስ እንደሆነ ለማየት። ሰው ሞተ ተብሎ የሚስትን ዓይን መጠበቅ ደግ ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ስለ ሃሩኦ የምጽፈው ነገር ያለ ቅናት ከኔ አይወጣም። በሕይወቱ ሳለ ቀናሁበት፣ ሞቶም እቀናበታለሁ። ሌላ ሰው ይጻፍለት የሚል ካለ ይጻፍለት።

ሃሩኦ ጃፓናዊ ነው። ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለው ቢልዲንጋችን ከኛ በር ፊት ለፊት ያለው በር የሱ ነበር። ሥራው ተዋናይ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ በፊልምና በቴሌቪዥን የኖረ። ተዋናይ ስላችሁ መልከ መልካሙን፣ መጨረሻ ላይ ልጅቷን ይዞ የሚሄደውን እንዳይመስላችሁ። የሃሩኦ ሥራ መሞት ነበር። በጃፓኖቹ የጎራዴ ፊልም ጀግናው ብቻውን ግቢ ውስጥ ይገባና ያንን ሁሉ ሰው ሲቆርጥ አይታችሁ ይሆናል። የሚቆረጠው ሰው ከየት እንደሚመጣ እኔ አስቤ አላውቅም ነበር። ኪዮቶ በሚባል ከተማ ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰፊ ክፍል አለ አለኝ። ስማቸው የማይጻፍ ተዋናዮች እዚያ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ ሲጠሩ ወጥተው ይሞታሉ፤ ሞተው ሲጨርሱ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«ጠዋት ሌባ ሆኜ እሞታለሁ፣ ከምሳ በኋላ ወታደር ሆኜ እሞታለሁ» ይለኛል፣ ላውንድሪ ክፍል ቁጭ ብለን ልብሳችን እስኪደርቅ ስንጠብቅ። የሱም የኔም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው፤ ስለዚህ በደንብ ነበር የምንግባባው።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ሥራ ነው?» አልኩት። «ፊትህ እንኳ አይታይ።»

«ጀግናው ጎራዴውን ያወዛውዛል። ያ ቀላል ነው፣ በላይ-ሳን። የጎራዴውን ስለት ሰው የሚያየው በኔ አወዳደቅ ነው።»

ስሜ በላይነህ ነው። ሳን የሚሏት ለነሱ ማክበሪያ ናት።

ታዋቂዎቹ ጀግኖች «የመጨረሻው የምገድለው ሃሩኦ ይሁንልኝ» እያሉ ያስጠሩት ነበር። ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ በየሳምንቱ በሰዉ ሳሎን ውስጥ ሞተ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት «አንተ ትናንት ሞተህ አልነበር?» ይሉታል፤ እሱም ደረቱን ይዞ እዚያው አስፋልቱ ላይ ይዘረርላቸዋል። አንድ ጊዜ ብቻ ዕድል ቀንቶት የማይሞት ሰው ሆኖ እንዲሠራ ተሰጠው። የፖሊሱ መርማሪ ሽማግሌ ጓደኛ ነበር፤ ስምም ተሰጠው። ተመልካቹ ግን አልለመደውም። መቼ ነው የሚሞተው እያለ ይጠብቃል። በኋላ ደራሲዎቹ ሲቸግራቸው ድልድይ ላይ ገደሉት፣ ሰዉም አረፈ።

ይህን ሲነግረኝ ይስቃል እንጂ አይከፋውም። እኔ ብሆን ስቱዲዮውን አቃጥል ነበር።

የጎራዴው ፊልም እየቀረ ሲሄድ ትልቁ ክፍል ባዶ ሆነ። ሚስቱ ሞተች። ልጁ ቶሮንቶ አመጣችው። ከሷ ቤት ጥቂት ተቀምጦ፣ እምቢ፣ የራሴ ቤት ይሻለኛል ብሎ ወደኛ ቢልዲንግ መጣ። እዚህም ሥራ አላጣም። ቶሮንቶ ውስጥ በየመንገዱ ፊልም ነው የሚሠራው። ቻይናዊ ባለሱቅ ያደርጉታል፣ ኮሪያዊ አያት ያደርጉታል፣ ሲያሻቸው ጄኔራል። «በላይ-ሳን፣ ያንተ ፊት ጥሩ ነው፣ ብዙ ያየ ፊት ነው» ብሎ ጡረታ ላይ ያለሁትን ሰውዬ ኤክስትራ፣ ከኋላ ቆሞ የሚታይ ሰው፣ አድርጎ ያስገባኝም እሱ ነው። እኔን የሚያደርጉኝ ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ታክሲ ነጂ ወይ ስደተኛ። «ስደተኛ ሆነህ እዚህ ጋ ቁም» ይሉኛል። ለሱማ ልምምድ አላስፈለገኝም።

የማልረሳው ነገሩ፣ ከመውደቁ በፊት ጎንበስ ብሎ መሬቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ የፈረስ አንገት እንደሚመታ ሰው። ከዚያ ለሚገድለው ሰው እጅ ይነሳል። ተገድሎ ሲነሳም እንደገና እጅ ይነሳል። የሚተኩሰው አፉ ላይ ፂም ያልበቀለ ልጅ ቢሆንም ያው ነው።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ።

አስካለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሃሩኦ አንቱ ነበር የምትለው። ሰውዬው አማርኛ አይሰማ። «ይብሉ እንጂ ሃሩዬ! ምነው ተግደረደሩ?» ትለዋለች። እሱ እጅ ይነሳና ይበላል። ወዲያው ወደኔ ዞራ «አንተ፣ ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ትለኛለች። ያንን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድም ቀን በላይዬ ብላኝ አታውቅም፤ ለሱ ግን ሃሩዬ ወጣላት።

ድሮ የሠራቸውን ፊልሞች በዲስክ ያመጣላትና ሁለቱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ። ወሬው በጃፓንኛ ነው። አስካለ አንዲት ቃል አይገባትም፤ ቢሆንም ከሃያ ሰው መሀል ሃሩኦን ትለየዋለች።

«ያውና! ከኋላ በግራ በኩል!»

«ጀርባው ብቻ እኮ ነው የሚታየው» እላታለሁ።

«በትከሻቸው አወቅኋቸው።»

ሐበሻ በሚገበይበት ብሉር መንገድ ላይ ከገበያተኛ መሀል የኔን ትከሻ ትለየው ይሆን ብዬ አንድ ቅዳሜ ሆን ብዬ ከሱቁ ወጥቼ ከሰዉ ጋር ተቀላቀልኩ። ስልክ ደወለችልኝ፤ «የት ጠፋህ? ሽንኩርቱ ከባድ ነው» አለችኝ።

እንዲህ እያልን ሳለ ኤግሊንተን ዌስት በሚባለው መንገድ ላይ ሹቲንግ፣ የፊልም ቀረጻ፣ መጣ። ያኔ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ አጥር በአጥር ሆኖ፣ ብዙ ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ አንዱን ባዶ ሱቅ ተከራይተው ፍራፍሬ ደረደሩበት። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ሃሩኦ ባለሱቅ ነው፣ ያው ቻይናዊ። ወንበዴ መጥቶ ከሱቁ በር ላይ ይገድለዋል። መንገደኛው ቆሞ ያያል። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ጎደሉና ሃሩኦ «ጎረቤቴ አለች» አላቸው። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ከኔ ጋር መጣች።

ዳይሬክተሯ ወጣት ሴት ነች። «ሲወድቅ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ። ድምፅ አልፈልግም» አለች።

«ዝም በይ ብላለች» አልኳት ለአስካለ።

«ምን እል ኖሯል?» አለችኝ።

ወንበዴ የሆነው ልጅ ተኮሰ። ሃሩኦ አንድ የረሳውን ነገር ያስታወሰ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወደቀ። አወዳደቁን ለማድነቅ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። አጠገቤ «ወየው! ወየው! ወየው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። አስካለ ናት። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፣ ደረቷን ትመታለች። ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን መንጭቆ ጣለው።

«ካት!» ተባለ፤ ካሜራው ቆመ።

ሁሉም ዞሮ አያት። በቃ ተባረርን አልኩ።

«ማናት እሷ?» አለች ዳይሬክተሯ። «አሁን ያደረገችውን ትድገምልኝ።»

ሃሩኦ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ፣ ለገዳዩ እጅ ነሳ፣ ሻይ ሰጡት። አስካለ ቆሞ ሲጠጣ ስታየው አፏን ያዘች። «እግዚኦ! በቁማቸው አለቀስኩባቸው! ሟርት አይደለም እንዴ?»

«እንደገና አልቅሺ ይሉሻል።»

«ቆሞ ሻይ ለሚጠጣ ሰው አላለቅስም በላቸው።»

አልኳቸው። ዳይሬክተሯ ለመነች፤ አስካለ ፊቷን አዞረች። ይህን ጊዜ ሃሩኦ ሻዩን አስቀምጦ መጣና ወደ ፍራፍሬው ሳጥን ወስዶ ያናግራት ጀመር። ልከተላቸው ስል አንዲት ልጅ ከለከለችኝ። ኤክስትራ የሚቆምበት ቦታ መሬት ላይ በቴፕ ምልክት ይደረግበታል፤ ቴፑን መልቀቅ አይቻልም። ቆሜ አየኋቸው። አስካለ ናት የምታወራው። እንግሊዝኛዋ ከ«ቱ ኮልድ» አያልፍም፤ ግን ታወራለች። ከጎድኗ ሥር ነካች። ጉልበቷን አሳየች። እጇን ወደ ላይ ሰቅላ አየር ላይ የሆነ ነገር ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችው። ሃሩኦ አንገቱን እንኳ አይነቀንቅም፤ ትምህርት እንደሚቀበል ሰው አተኩሮ ያያታል። መጨረሻ ላይ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት። እኔን እንዲህ አውርታኝ ታውቃለች ወይ እያልኩ ቴፔ ላይ እቃጠላለሁ።

በሁለተኛው ቀረጻ ሃሩኦ የወደቀው በሌላ ዓይነት ነው። መጀመሪያ አንድ ጉልበቱ ከዳው። ግድግዳውን ያዘ፤ ግድግዳውን ይዞ መሄድ የሚፈልግ ይመስል ትንሽ ተራመደ። ከዚያ እጁ ግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ወረደ። በጎኑ ተኛ፣ ጉንጩ አስፋልቱ ላይ።

አስካለ አልጮኸችም። ዘግይቶ ከሆዷ ሥር የሚመጣ ድምፅ ወጣ። ያንን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ አባቷን ስናረዳትም አልሰማሁትም። ማንም ሳያዛት ቴፑን ለቃ ሄደች፣ መሬት ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ካሜራው አልቆመም። ማንም ካት አላለም። ቆይቶ ዳይሬክተሯ አለች፤ አስካለ አልሰማችም። ሃሩኦም አልተነሳም። ሥራው አልቋል፣ ካሜራው ጠፍቷል፣ እሱ ግን እስክትጨርስ ድረስ ሞቶ ቆየላት።

ፕሮግራሙ በቴሌቪዥን ሲወጣ ብሉር ላይ ያለው ሐበሻ ሁሉ አያት። «አስኩ፣ እንዲህ ታለቅሺ ኖሯል? እኔንም እንዳትረሺኝ!» ይሏታል። ከኔ የታየው ክርኔ ነው።

በቀረጻው ማግስት ደግሞ ጸበል ይዛ የሃሩኦን በር አንኳክታለች፤ ሟርቱ እንዳይደርስበት። እሱም እጅ ነስቶ ጠጣ። ለኔ ጉንፋን ሲይዘኝ የምትሰጠኝ ቴምፕራ የሚባለውን የልጆች ኪኒን ነው፣ እሱንም የልጅ ልጃችን የረሳውን።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «አስካለ፣ ለኔስ እንደዚያ ታለቅሺልኛለሽ?» አልኳት።

«አንተ መጀመሪያ ሙት» አለችኝ፤ ምስር እየለቀመች ነው።

ሄጄ ሃሩኦን «መውደቅ አስተምረኝ» አልኩት። አልሳቀም፣ ለምንም አላለም። ፍራሹን መሬት አወረደ። ጉልበት እንዴት እንደሚላላ፣ ራስ መሬት ሳይመታ ትከሻ እንዴት ቀድሞ እንደሚደርስ አሳየኝ። ከታች ያለችው ጃማይካዊት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እስክትደበድብ ድረስ ወደቅኩ። ከዚያ እቤታችን ሄድንና፣ አስካለ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ሳሎኑ መሀል ደረቴን ይዤ ተዘረርኩ። ሃሩኦ በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። «ተነስ፣ ምንጣፉ ገና መታጠቡ ነው» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሃሩኦ ትከሻዬን ይዞ፣ «ጉልበትህ ጥሩ ነበር፣ ትከሻህም ጥሩ ነበር። ግን ዓይንህን ገልጠህ አየሃት» አለኝ።

«አልገለጥኩም።»

«ገልጠሃል። የሞተ ሰው ማን እንዳለቀሰለት አያይም፣ በላይ-ሳን።»

አልገለጥኩም ብዬ ተከራከርኩት። ሁለት ሳምንት ላውንድሪ ቤት አብሬው አልተቀመጥኩም።

ባለፈው ክረምት ሳንባው ታመመና ልጁ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ሄደን ጠይቀነዋል። ቀጭን ሆኖ ነበር፤ አስካለ «ይብሉ እንጂ» አለችው፣ እሱም እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ እጅ ሊነሳ ሞከረ። የሞተው ተኝቶ ሳለ ነው። ዩኪ ሻይ ልታፈላ ወርዳ ስትመለስ አልፏል። ማንም አላየውም።

የቀብር አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ጥቂት ነበር። ፎቶው በነጭ አበባ ተከቧል። እየተነሱ ፊቱ ይሄዳሉ፣ እጅ ነስተው ይመለሳሉ። ድምፅ የሚባል የለም። እኔ ፎቶውን አልነበረም የማየው፤ ከጎኔ ያለችውን ሴትዮ ነው። ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ደረቅ ነው።

ዩኪ መጥታ ፊታችን ተቀመጠች። «አቶ በላይነህ፣ እባክዎ ባለቤትዎን ይጠይቁልኝ። በዚያ ፊልም ላይ እንዳለቀሱለት አሁን ያለቅሱለት እንደሆነ። እኛ እንደዚያ አንችልበትም፤ አባቴ ግን ያን ቀን ደጋግሞ ያነሳው ነበር።»

ተረጎምኩላት። አስካለ የልጅቷን ሁለት እጅ ያዘች።  «ልጄ፣ ያ ለቅሶ የሳቸው አልነበረም በላት። የሳቸውን ቀስ እያልኩ ነው የማለቅሰው በላት።»

እንዴት አድርጌ እንደተረጎምኩት አላውቅም። ዩኪ ግን ጭንቅላቷን አስካለ ትከሻ ላይ ጣለች።

ባስ ውስጥ ገብተን እንደተቀመጥን ጠየቅኳት። «የሳቸው አልነበረም ያልሽው የማን ነበር?»

«የታምሩ።»

ታምሩ ወንድሟ ነው። እኔ አላውቀውም፤ አስካለን ያገኘኋት ሁለታችንም ሱዳን ከገባን በኋላ ነው። ወንድም እንደነበራትና በዚያ ክፉ ጊዜ እንደተገደለ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የነበረ ያውቀዋል፤ የመንግሥት ጥይት ለገደለው ሰው ማልቀስ አይፈቀድም ነበር። አልቃሹም ይታሰራል።

«ሱቅ ፊት ለፊት ነው የመቱት» አለችኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «እኔ ማዶ ነበርኩ። እናቴ ነጠላዋን አፌ ውስጥ ጠቀጠቀችው፣ ድምፄ እንዳይሰማ። ከዚያ ወዲያ ለቅሶው አልመጣልኝም። ሃሩኦ መጀመሪያ ሲወድቁ ራሴን አላውቅም፣ ለቅሶው መጣ። እሳቸው ገባቸው። ማን እንደነበረ፣ እንዴት እንደወደቀ ጠየቁኝ። ጉልበቱ ነው ቀድሞ የከዳው አልኳቸው። ግድግዳውን ይዞ ነበር፣ ወደ ቤት የሚመጣ ይመስል። እንደሱ አድርገው ወደቁልኝ።»

«በምን እንግሊዝኛ ነገርሻቸው?»

«በእጄ።»

«ለኔ በአማርኛ አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝማ።»

እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ? ቁስል አይነካም ብዬ ነው የኖርኩት፤ አሁንም ተሳስቼ ነበር አልልም። ግን አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ ቋንቋዋን የማያውቅ፣ ሻዩን አስቀምጦ በአንዲት እረፍት የጠየቃትን እኔ አብሬያት አርጅቼ አልጠየቅኳትም። ከዚህ በፊት የቀናሁት ቅናት ሁሉ ቅናት አልነበረም። እዚያ ባስ ውስጥ ነው የቀናሁት።

ስለዚህ ጠየቅኳት። ታምሩ ምን ዓይነት ሰው ነበር አልኳት።

ነገረችኝ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ጫማውን ሳያስር ይወጣ እንደነበር፣ እሷን «እንቶኔ» እያለ ያናድዳት እንደነበር። ዓይኗ እንደደረቀ ነው። እንባውን ሃሩኦ ወስዶታል፤ ለኔ የደረሰኝ ወሬው ነው። ይሁን። ቀና ስል ባሱ ቢልዲንጋችንን አልፎ ሄዷል። የማስቆሚያውን ገመድ ልጎትት ተነሳሁ።

አስካለ ኮቴን ያዘችኝ። «ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስኩም» አለች።

ተቀመጥኩ።